የፎርዝ ድልድዮችን በወንበርና በጄሪካን ማንበብ

ከስኮትላንድ ዋና ከተማ ከኤድንብራ በስተ ምዕራብ፣ የፎርዝ ወንዝ ሰፍቶ ከባሕር ጋር በሚቀላቀልበት ዳርቻ፣ ሦስት ታላላቅ ድልድዮች ጎን ለጎን ቆመዋል። ቀዩ የባቡር ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1890፣ ተንጠልጣዩ የመኪና ድልድይ በ1964፣ ኩዊንስፌሪ ክሮሲንግ የተባለው ባለ ኬብል ድልድይ ደግሞ በ2017 ተከፈቱ። ስኮትላንድን የጎበኘ ሰው ብዙውን ጊዜ ፎቶግራፍ አንስቶ ይመለሳል። ይህ መመሪያ ግን የተጻፈው ድልድዮቹን ለማንበብ ለሚፈልግ ነው፤ ማንበብ ስል የትኛው ክፍል እንደሚወጠር፣ የትኛው እንደሚጨመቅና ክብደቱ በየት በኩል ወደ መሬት እንደሚወርድ በዓይን መለየት ማለቴ ነው። ለዚህ ምህንድስና መማር አያስፈልግም፤ ከጉዞው በፊት አንድ ሰዓት ያህል ወስዶ ቤት ውስጥ ሙከራ ማድረግ ግን ብዙ ይረዳል።

ሙከራው የእኔ ፈጠራ አይደለም። የባቡር ድልድዩን ከጆን ፋውለር ጋር የነደፈው ቤንጃሚን ቤከር እ.ኤ.አ. በ1887 ለንደን ውስጥ ባደረገው ንግግር፣ ካንቲሌቨር የሚባለውን፣ ክንድ በአንድ ጫፉ ብቻ ተይዞ ወደ አየር የሚዘረጋበትን አሠራር ለአድማጮቹ ያስረዳው በዚሁ መንገድ ነበር። ሁለት ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ፤ በመካከላቸው ደግሞ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የተማረውና በድልድዩ ሥራ ላይ የተሰማራው ጃፓናዊው መሐንዲስ ካይቺ ዋታናቤ ተንጠልጥሎ ተቀመጠ። (ፋውለርና ቤከር እንግሊዛውያን እንደነበሩ ስኮትላንዳውያን አይክዱም፤ ብረቱን ቆርጦ፣ ቀጥቅጦና ገጣጥሞ ያቆመው ግን የእነርሱው ሰው ዊልያም አሮል ነው።)

ለሙከራው መደገፊያ ክንድ የሌላቸው ሁለት ጠንካራ የእንጨት ወንበሮች፣ አራት የመጥረጊያ እጀታዎች፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካኖች፣ ገመድና አጭር ጣውላ ያዘጋጁ። ሁለት አዋቂዎችና ከ30 ኪሎ ግራም ያልበለጠ ልጅም ያስፈልጋሉ። ወንበሮቹን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው፣ ተቀማጮቹ እጃቸውን ወደ ጎን ሲዘረጉ በመካከላቸው ጣውላው የሚገባበት ክፍተት እስኪቀር ድረስ አራርቀው ያስቀምጧቸው። እያንዳንዱ ተቀማጭ በየእጁ የአንድ መጥረጊያ እንጨት የላይኛ ጫፍ ይይዛል፤ የታችኛው ጫፍ ከዳሌው አጠገብ በወንበሩ መቀመጫ ጠርዝ ላይ ይደገፋል። እንጨቱ እንዳይንሸራተት ጫፉን ከወንበሩ ጋር በገመድ ማሰር ተገቢ ነው። ከዚያም በውስጥ በኩል ካሉት ሁለት እንጨቶች የላይኛ ጫፍ ላይ ጣውላውን በገመድ ያንጠልጥሉ፤ ከመሬት ከአንድ ስንዝር በላይ ከፍ አያድርጉት። በውጭ በኩል ያሉትን ጫፎች ደግሞ መሬት ላይ ከተቀመጡት ጄሪካኖች ጋር ገመዱ እስኪወጠር ድረስ ያስሩ።

በጄሪካኑ ውስጥ ምን ያህል ውኃ ይግባ? ልጁ 30 ኪሎ ግራም ቢመዝን እያንዳንዱ ተቀማጭ በውስጥ እጁ 15 ኪሎ ግራም ይሸከማል፤ ሁለቱ እጆች እኩል ስለሚረዝሙ በውጭ በኩልም ቢያንስ 15 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 15 ሊትር ውኃ ሚዛኑን ይጠብቃል። እኔ ብሆን ሁለቱንም እስከ አፋቸው እሞላቸዋለሁ።

ልጁ ጣውላው ላይ ሲቀመጥ ተቀማጮቹን ምን እንደሚሰማቸው ይጠይቋቸው። ክንዳቸው እንደሚሳብ፣ እንጨቱ ግን ወንበሩን እንደሚገፋ ይነግሩዎታል። የባቡር ድልድዩ ምስጢር በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ክንዱ ይወጠራል፣ እንጨቱ ይጨመቃል፣ የወንበሩ እግር ሁሉንም ወደ መሬት ያወርዳል። ቀጥሎ ልጁን አስወርደው አንዱን ጄሪካን ይፍቱና ጣውላውን በእጅዎ በቀስታ ይጫኑት። ጄሪካን ያጣው ተቀማጭ ወደ ውስጥ ሊገለበጥ ሲል ወዲያውኑ ያዩታል።

እስካሁን ያለው ቤከር ያሳየው ነው። ከዚህ በኋላ የምጨምረው እርምጃ ግን ለሦስቱ ድልድዮች ቁልፉ እርሱ ስለሆነ እንዳይዘለል እለምናለሁ። ሦስተኛ ወንበርና ሦስተኛ ሰው በመካከል ያስገቡ፤ ጣውላዎቹም ሁለት ይሁኑ። የመሐለኛው ሰው በግራም በቀኝም ጣውላ እንጂ ጄሪካን የለውም። በሁለቱም ጣውላዎች ላይ እኩል ከተጫኑ ጸንቶ ይቀመጣል፤ በአንዱ ብቻ ከተጫኑ ግን ወደዚያው ያዘነብላል፣ ከኋላው የሚይዘው የለምና። በወንበሩ ፈንታ ሰፋ ያለ አግዳሚ ወንበር አምጥተው እንጨቶቹን በሁለቱ ዳር ቢያስደግፉ ግን ይረጋል።

አሁን ወደ ስፍራው እንሂድ። ከኤድንብራ በባቡር ተነሥተው ዳልሜኒ ጣቢያ ይውረዱና ወደ ዳርቻው በእግር ይዝለቁ። ከባቡር ድልድዩ ሥር ቆመው መጀመሪያ ክብ የሆነውን ከክብ ካልሆነው ይለዩ። ትልልቆቹ ክብ ቱቦዎች፣ ወፍራሞቹ 3.7 ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው፣ ተጨማቂዎች ናቸው፤ በሙከራው ውስጥ የመጥረጊያ እጀታዎቹ ናቸው። በላይ በኩል የሚወርዱት እንደ መረብ የተሠሩ ክፍት ብረቶች ደግሞ ተወጣሪዎቹ ክንዶች ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቀጭን እንጨት ከሁለት ጫፉ ሲጨመቅ ይጎብጣል፣ ገመድ ሲወጠር ግን ይቀናል። ስለዚህ የሚጨመቀው መጉበጥን የሚቋቋም ቱቦ ሆነ፣ የሚወጠረው ክፍት ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ማማዎቹ፣ በሙከራው ተቀማጮቹና ወንበሮቻቸው የነበሩት፣ ወደ ታች እግራቸውን እንዴት እንደሚያንፈራጥጡ ይመልከቱ፤ ከላይ 10 ሜትር፣ ከታች ወደ 37 ሜትር ይሰፋሉ። ይህ የነፋስ ፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1879 በቶማስ ባውች የተነደፈው የቴይ ድልድይ በማዕበል ሌሊት ከባቡሩ ጋር ወንዝ ውስጥ ወደቀ፤ ባውች ለፎርዝም ተንጠልጣይ ድልድይ ነድፎ ነበርና ያ ንድፍ ተጣለ። አዲሱ ድልድይ ጠንካራ መሆን ብቻ ሳይሆን ጠንካራ መስሎም መታየት ነበረበት። ለዚያ 6.5 ሚሊዮን ሪቬት (ብረትን ከብረት የሚያያይዝ ችንካር) ገባበት፣ ከ70 በላይ ሠራተኞችም ሕይወታቸውን አጡ።

ጣውላው የት አለ? በማማዎቹ መካከል ያሉት ሁለቱ ዋና ክፍተቶች እያንዳንዳቸው 521 ሜትር ናቸው፤ ከግራ 207፣ ከቀኝ 207 ሜትር ክንድ ይዘረጋል፣ በመካከል የቀረው 107 ሜትር በሁለቱ ጫፎች ላይ የተቀመጠው ጣውላ ነው። ጄሪካኑ ደግሞ በሁለቱም ዳርቻዎች፣ የክንዶቹ የየብስ ጫፍ በሚያርፍባቸው የድንጋይ ምሰሶዎች ላይ የተጫነው ክብደት ነው። አሁን ኢንችጋርቪ በተባለችው ደሴት ላይ ያለውን የመሐል ማማ ከሌሎቹ ሁለት ጋር ያስተያዩ። የዳር ማማዎቹ ሥር በድልድዩ ርዝመት አቅጣጫ 44 ሜትር ነው፤ የመሐሉ 79 ሜትር። ባቡር በአንድ ወገን ብቻ ሲገኝ የሚይዘው ስለሌለ፣ አግዳሚ ወንበር ተሰጠው።

ወደ ዳልሜኒ ተመልሰው ባቡር ይሳፈሩና በድልድዩ ላይ ተሻግረው ኖርዝ ኩዊንስፌሪ ይውረዱ። የመልሱን ጉዞ በ1964ቱ ተንጠልጣይ ድልድይ የእግረኛ መንገድ ላይ ያድርጉት፤ ነፋሱ አይቻልምና ወፍራም ልብስ ይልበሱ። እዚህ የሚነበበው ጥቂት ነው። ማማዎቹ ሁለት ብቻ ስለሆኑ የመሐለኛ ችግር የለም፤ የ1,006 ሜትሩን ክፍተት የያዙት ኬብሎች በሁለቱም ዳር መሬት ውስጥ ታስረዋል፤ ጄሪካኑ ራሱ መሬቱ ነው ማለት ይቻላል።

በእግረኛው መንገድ እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ወደ ምዕራብ ይዙሩ። ኩዊንስፌሪ ክሮሲንግ እንደገና ሦስት ማማ አለው፤ ክፍተቶቹ 650 ሜትር ናቸው፣ የመሐሉም ማማ እንደ ቀድሞው ብቻውን ነው። ነገር ግን ቀጭን ነው፤ አግዳሚ ወንበር አልተሰጠውም። ዓይንዎን ከመሐል ማማው ጫፍ በሚወርዱት ኬብሎች ላይ አሳርፈው ወደ ጎን እስከ መጨረሻው ይከተሏቸው፤ ግማሹ ላይ አይቆሙም፣ ከጎረቤት ማማ የሚመጡትን ኬብሎች አልፈው ይሄዳሉ። ኬብሎቹ በሚተላለፉበት በዚያ ስፍራ መንገዱን ሁለት ማማዎች በአንድነት ይይዙታል፤ መሐለኛውም በሁለቱ ጎረቤቶቹ በኩል ከየብስ ጋር ይታሰራል።