ሽማግሌው ውሻችሁ ሌሊት ለምን ይቅበዘበዛል?

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የጃክ ጥፍር በረንዳው ሴራሚክ ላይ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ከበሩ እስከ ኩሽናው ይሄዳል፣ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ዞሮ ይመለሳል። ይተኛል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይነሣል። ያለከልካል፣ ያውም በሐምሌ ብርድ። ጃክ 13 ዓመቱ ነው። ዘበኛችን «ልጄ፣ ጃጅቷል እኮ፣ ተይው» አሉኝ፣ እኔም እሺ ብዬ ሁለት ወር ሙሉ ተውኩት። ያ ሁለት ወር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለካ ወገቡንና የኋላ እግሩን እያመመው ነበር።

ያረጀ ውሻ ያላችሁ ሰዎች እንደ እኔ ጊዜ እንዳታባክኑ ነው ይህን የምጽፈው። ዕድሜ ብቻውን ውሻን ሌሊቱን ሙሉ አያንከራትትም። ከበስተጀርባው የሆነ ነገር አለ፣ ብዙውን ጊዜም ሊታከም ወይም ቢያንስ ሊቀልለት የሚችል ነገር ነው።

መጀመሪያ ግን የእኛ የግቢ ውሻ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ሥራው ሌሊት ነው። ቀን ታስሮ ወይም ጥላ ሥር ተኝቶ ይውላል፣ ሲመሽ ይፈታል፣ ግቢውን ሲዞር ያድራል። ታዲያ ሥራ ላይ ያለውን ከተጨነቀው እንዴት እንለየው? ሥራ ላይ ያለ ውሻ ምክንያት አለው። ድምፅ ይሰማል፣ ጆሮውን ያቆማል፣ ወደዚያ ይሄዳል፣ ይጮኻል፣ ከዚያ ተመልሶ ይጋደማል። ዳር ሰፈር ከሆናችሁ ጅብም ሊሆን ይችላል፣ ሌሎቹ የሰፈር ውሾች አብረው ሲጮኹ ትሰማላችሁ። የተጨነቀ ውሻ ግን ምንም ሳይሰማ ይነሣል፣ ያንኑ መስመር ይመላለሳል፣ ጥግ ገብቶ ግድግዳ ላይ ያፈጣል፣ ለመተኛት ሦስት አራት ጊዜ ሞክሮ ይተወዋል። ብቻውን የሚያላዝንም አለ። አንጀት ይበላል።

ስለዚህ ሐኪም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ድንገተኛ ነገር ካልሆነ በቀር፣ አምስት ስድስት ሌሊት በደንብ ተከታተሉት። ደብተር ያዙ። ስንት ሰዓት ተነሣ፣ ከዚያ በፊት ምን ሆነ፣ ጠጣ ወይ፣ ሸና ወይ፣ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ይኸው ነው። በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹት፣ ምክንያቱም ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ ውሻው ከድንጋጤው የተነሣ ጤነኛ መስሎ ይቆማል፣ እናንተም የምታሳዩት ነገር ታጣላችሁ። ሲተኛ ደግሞ ደረቱን አይታችሁ ትንፋሹን ቁጠሩ። አንዴ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው። በ30 ሰከንድ የቆጠራችሁትን በሁለት አባዙት። እንቅልፍ ላይ ሆኖ በደቂቃ ከ30 በላይ እየደጋገመ ከመጣ፣ በተለይ ሌሊት ካሳለውና ተጋድሞ መተኛት ካቃተው፣ ልቡ ወይም ሳንባው መታየት አለበት።

ውሃውንም ለኩ። ጠዋት ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ እየሞላችሁ አስቀምጡለት፣ በማግስቱ የቀረውን ቀንሱ። በቀን ውስጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሚጠጣ ከሆነ ብዙ ነው። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 2 ሊትር ማለት ነው። ኩላሊት፣ ስኳር፣ ኩሺንግ የሚባለው የሆርሞን በሽታ፣ ሁሉም ያስጠማሉ፣ ሁሉም ያሸናሉ። ዕድሜውን ሙሉ ማደሪያው ላይ ሸንቶ የማያውቅ ውሻ ታስሮ ወይም ተዘግቶበት ሽንቱ ሲወጥረው ምን ያድርግ? ይንቆራጠጣል። ይጮኻል። እኛ ደግሞ እንቆጣዋለን። ውሃ ግን አትከልክሉት፣ አደራ። የደምና የሽንት ምርመራ ነው የሚያስፈልገው።

አሁን ወደ ሕመም ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚስተው ይሄንን ነው። ውሻ ሲያመው ይጮኻል ብለን እንጠብቃለን። ብዙ ጊዜ ግን አይጮኽም። የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ውሻ ዝም ብሎ ቦታ ይቀያይራል፣ ምክንያቱም በየትኛውም ጎኑ ቢተኛ ቆይቶ ያመዋል። ጃክን ልብ ብዬ ማየት ስጀምር ያገኘሁት ይኼ ነው፦ ሲተኛ መጀመሪያ የፊት እግሩን ያጥፋል፣ ከዚያ የኋላው ተንጠልጥሎ ይቆያል፣ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ በመጨረሻ ዱብ ይላል። ደረጃው ጋ ሲደርስ ቆሞ ያስባል። ግራ ጉልበቱ ላይ ያለው ፀጉር በመላስ ብዛት ወደ ቡናማ ተቀይሯል። ዳሌውን ስነካው አልነከሰኝም፣ ግን ዞር ብሎ እጄን አየው። እነዚህ ነገሮች ዓይናችን ሥር ነበሩ። ጥርስም አትርሱ፣ አፉ የሚሸትና በአንድ ጎን ብቻ የሚያኝክ ውሻ ጥርሱ ሌሊት እንቅልፍ ሊነሣው ይችላል።

እዚህ ላይ እባካችሁ ስሙኝ። ቤት ያለውን የሰው ማስታገሻ አትስጡት። ኢቡፕሮፌንም ሆነ ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱንም ሊያጠፋ ይችላል፣ ፓራሲታሞልም አደገኛ ነው። እህቴ ከማዘኗ የተነሣ ግማሽ ክኒን በሥጋ ጠቅልላ ልትሰጠው ስትል ነው የደረስኩባት። ለውሻ የሚሆን ማስታገሻ አለ፣ በክብደቱ ተሰልቶ፣ ኩላሊትና ጉበቱ ታይቶ፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ። አዲስ አበባ የግል የእንስሳት ክሊኒኮች አሉ። ቢሾፍቱ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ።

ከመድኃኒቱ እኩል የረዳን ግን መኝታው ነው። ክረምት ላይ ሲሚንቶ ለታመመ መገጣጠሚያ መጥፎ ነው። እንጨት ከመሬት ከፍ አድርጌ፣ በላዩ ወፍራም ስፖንጅ፣ በስፖንጁ ላይ ጆንያ አለበስኩ፣ ጆንያው ሲረጥብ ይቀየራል። ሴራሚኩ ላይ አሮጌ ምንጣፍ ዘረጋሁ፣ እግሩ እየከዳው ይንሸራተት ነበርና። ጥፍሩም ተቆረጠ። ክብደቱንም ቀነስን። ፍርፋሪ ብትሰጡትም ወጥ ያለበት አይሁን፣ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል።

ዓይንና ጆሮ ሲደክሙም ውሻ ሲመሽ ይረበሻል። የዓይኑ መሐል እንደ ጉም ሰማያዊ ቢመስል ብዙ ጊዜ የዕድሜ ለውጥ ነው፣ ያን ያህል አይከልለውም። ነጭ ሆኖ ከደፈነው ግን የዓይን ሞራ ነው። ውሃው አጠገብ ትንሽ መብራት አብሩ፣ ዕቃውንም ከቦታው አታንቀሳቅሱበት። ልጆችን ደግሞ ከኋላው ሄደው በድንገት እንዳይነኩት ንገሯቸው፣ ያልሰማ ውሻ ደንግጦ ሊነክስ ይችላል።

መጃጀት የምንለው ነገር ደግሞ በእርግጥ አለ። ሐኪሞች ኮግኒቲቭ ዲስፈንክሽን ይሉታል፣ የሰውን አልዛይመር ይመስላል፣ በሰው አንጎል የሚጠራቀመው ቤታ አሚሎይድ የሚባለው ፕሮቲን በውሻም አንጎል ይጠራቀማል። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ከ11 እስከ 12 ዓመት ካላቸው ውሾች 28 በመቶው፣ ከ15 እስከ 16 ዓመት ካላቸው ደግሞ 68 በመቶው ቢያንስ አንድ ምልክት እንዳሳዩ አግኝቷል። ምልክቶቹም የሚያውቀው ግቢ ውስጥ መጥፋት፣ በሩ በሚከፈትበት ሳይሆን በማጠፊያው በኩል ቆሞ መጠበቅ፣ የቤቱን ሰው እንደ እንግዳ ማየት፣ ቀንና ሌሊት መገለባበጥ፣ ያለ ቦታው መሽናት፣ ያለ ምክንያት መፍራት ናቸው። ግን ልብ በሉ፣ እዚህ መደምደሚያ ላይ የሚደረሰው ሕመሙ፣ ኩላሊቱ፣ ዓይኑ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው። እኛ የጀመርነው ከመጨረሻው ነበር።

መጃጀት ሙሉ በሙሉ አይድንም፣ ይረጋጋል ግን። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ለዚሁ ችግር የፈቀደችው ሴሌጂሊን የሚባል መድኃኒት አለ፣ ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ እንደ ትራማዶል ካሉ መድኃኒቶች ጋር ስለማይሄድ የሚወስደውን ሁሉ ንገሩት። ቤት ውስጥ የምታደርጉት ግን ነፃ ነው። ምግቡ በሰዓቱ ይሁን። ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጡት፣ ቀስ እያላችሁ አንሸራሽሩት፣ ሣር ውስጥ ትንሽ ዳቦ በትናችሁ በአፍንጫው ይፈልገው። ከመተኛቱ በፊት ይሽና። ሰንሰለቱን ደግሞ አሁን በቃ በሉት፣ ግራ የገባው ሽማግሌ በሰንሰለት ሲጠመጠም ያድራል። መምታትማ ጭራሽ። ለምን እንደተመታ አያውቅም፣ የሚያተርፈው ፍርሃት ብቻ ነው።

ቶሎ መሮጥ የሚጠይቁ ነገሮችም አሉ። ሆዱ ተነፍቶ፣ ሊያስመልሰው ሲል ምንም የማይወጣው፣ አንድ ቦታ መርጋት ያቃተው ውሻ፣ በተለይ ትልቅና ደረተ ጥልቅ ከሆነ፣ ጨጓራው ሊጠማዘዝ ይችላልና እስኪነጋ አትጠብቁ። በድንገት አንገቱን ወደ ጎን ካዘመመና ዓይኑ ወዲያ ወዲህ ከተመላለሰ የሚዛን ችግር ሊሆን ይችላል፣ ሲያዩት ያስፈራል፣ ብዙዎቹ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሻላቸዋል። እሱም ቢሆን ይታይ።

የእብድ ውሻ በሽታን ደግሞ ዕድሜ አይከላከለውም። ጠባዩ በቀናት ውስጥ ከተለወጠ፣ ያገኘውን የሚነክስ ከሆነ፣ ምራቁ ከተዝረበረበ፣ ድምፁ ከተቀየረ ወይም መዋጥ ካቃተው፣ አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ። በር ዝጉበትና ሐኪም ጥሩ። ሰው ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ። ክትባቱ በየዓመቱ መሰጠቱን ካርዱ ላይ አሁኑኑ እዩት።

ጃክ መድኃኒት ከጀመረ አራት ወር ሊሆነው ነው። መስቀል ላይ ርችት ሲተኮስ እኔ ክፍል መጋረጃ ዘግቼ፣ ሬዲዮ ከፍቼ አሳደርኩት፣ ጥሩ አደረ። ደብተሩን አሁንም እሞላለሁ። የትናንት ሌሊቱ እንዲህ ይላል፦ 9:20 ተነሣ። ውሃ ጠጣ። ግቢ ወጥቶ ሸና። 9:35 ተኛ፣ ትንፋሽ 22።