የአሜሪካ አውራ ጎዳና ቁጥር ከኋላ ወደ ፊት ይነበባል

ኮምቦልቻ ላይ መንገድ ለሚጠይቅ ሰው ቁጥር አይነገረውም። «የባቲ መንገድ»፣ «የደሴ መንገድ»፣ «የከሚሴ መንገድ» ይባላል፤ መንገዱ የሚጠራው በሚያደርሰው ከተማ ስም ነው። አትላንታ ወይም ዴንቨር ያለ ዘመድ ግን ሲደውል ወሬው ሁሉ ቁጥር ነው፦ «ሁለት ሰማንያ አምስትን ይዘህ ሃያ ላይ ውጣ።» ይህን እንደ ስልክ ቁጥር ለመሸምደድ የሚሞክር ሰው ሁለተኛው ከተማ ላይ ሲደርስ ይምታታበታል። መሸምደድ አያስፈልግም፤ ቁጥሮቹ በዕጣ የወጡ አይደሉምና። ወደዚያ ሄዶ መንዳት ለሚጀምርም፣ እዚሁ ደሴ ቁጭ ብሎ በላፕቶፕ ለአሜሪካ ተሳቢ መኪና ዲስፓች (የጭነትና የጉዞ ድልደላ) ለሚሠራም አንድ ጊዜ ሥርዓቱን መያዝ ይበቃል።

ቁጥሩን ከማንበባችሁ በፊት ግን የታፔላውን ቅርጽ እዩ። ኢንተርስቴት የሚባለው፣ ማለትም እ.ኤ.አ. የ1956ቱን ሕግ ተከትሎ የተዘረጋው የፌዴራል አውራ ጎዳና፣ ምልክቱ ከላይ ቀይ ከታች ሰማያዊ የሆነ ጋሻ ነው፤ ቁጥሩ በነጭ ይጻፋል፤ ሲጠራም «አይ-» ይቀድመዋል። ነጭ ጋሻ ላይ ጥቁር ቁጥር ካያችሁ ያ ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1926 ቁጥር የተሰጠው የቀድሞው የ«ዩኤስ» መንገድ ነው። ክብ፣ አራት ማዕዘን ወይም የግዛቱን ካርታ የመሰለ ምልክት ደግሞ የግዛቱ የራሱ መንገድ ነው። አንድ ቁጥር በሦስቱም ዓይነት ምልክት ላይ ሊገኝ ስለሚችል «20 ላይ ውጣ» ሲባል «አይ-20 ነው ወይስ ሌላ?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። መጀመሪያ የመጨረሻዋን አሃዝ ተመልከቱ። በኮሮና ጊዜ የግል መኪና በታርጋ ተራ ሲወጣ የሰማነው ጎዶሎና ሙሉ እዚህም ይሠራል፦ ጎዶሎ ከሆነ መንገዱ ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ሙሉ ከሆነ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ቀጥላችሁ የቁጥሩን ትልቅነት እዩ። ጎዶሎዎቹ ከምዕራብ ተነስተው ወደ ምሥራቅ ያድጋሉ፤ አይ-5 የፓሲፊክን ዳርቻ፣ አይ-95 የአትላንቲክን ዳርቻ ይዘው ይሄዳሉ። ሙሉዎቹ ከደቡብ ተነስተው ወደ ሰሜን ያድጋሉ፤ አይ-10 ከሎስ አንጀለስ ዳርቻ ፍሎሪዳ ድረስ በደቡብ ሲያቋርጥ፣ አይ-90 ከሲያትል ቦስተን በሰሜን ያቋርጣል። በ0 እና በ5 የሚያልቁት የታሰቡት ለረጃጅሞቹ ግንዶች ነው። አይ-45 ግን በ5 እያለቀ ከቴክሳስ ወጥቶ አያውቅም።

ነጭ ጋሻ ያላቸው የዩኤስ መንገዶች አቆጣጠር ተቃራኒ ነው፤ ዩኤስ 1 በምሥራቅ ዳርቻ ሲሆን ቁጥሩ ወደ ምዕራብ ያድጋል። ኢንተርስቴቶቹን ሆን ብለው በግልባጩ ቆጠሯቸው፤ ተመሳሳይ ቁጥር አንድ አካባቢ ላይ እንዳይገናኝ ነው። አይ-50 እና አይ-60 የሌሉትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በአገሩ መካከል ዩኤስ 50 እና ዩኤስ 60 ቀድመው ነበሩ።

ዘዴው እጅ ውስጥ እንዲገባ በወሎ መንገዶች ላይ ሞክሩት። ከኮምቦልቻ በደሴ፣ በሐይቅ፣ በመርሳ አድርጎ ወልድያና ቆቦ የሚዘልቀው ከደቡብ ወደ ሰሜን ስለሆነ ጎዶሎ ይወስዳል፤ 45 እንበለው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚወርደው ወደ ምሥራቅ ነውና ሙሉ ነው፤ 40 ይሁን። ከወልድያ በጋሸና ወደ ወረታ የሚሄደውም ሙሉ ነው፤ ከባቲው ይልቅ ወደ ሰሜን ስለሚገኝ ግን ቁጥሩ መብለጥ አለበት፤ 70 ስጡት። ከጋሸና መገንጠያ ላሊበላ የሚገባው የ70 ቅርንጫፍ ነው፤ እንደ አሜሪካኖቹ አጠራር 170 ይሆናል። ደሴ ከተማ ሳይገባ ዞሮ ሐይቅ በር ላይ ዋናውን መንገድ መልሶ የሚይዝ ማለፊያ ቢኖር ደግሞ 245 በተባለ።

እነዚህ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥሮች ናቸው ከተማ ውስጥ የሚያደናግሩት። ከኋላ አንብቧቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ወላጁን ይነግሯችኋል፤ 285 የ85 ልጅ፣ 495 የ95 ልጅ ነው። የመጀመሪያዋ አሃዝ ሥራውን ትናገራለች። ሙሉ ከሆነች በሁለቱም ጫፍ ኢንተርስቴት ላይ ይገጥማል፤ ወይ ከተማውን የሚዞር ቀለበት ነው፣ ወይ ሁለት አውራ ጎዳናዎችን የሚያያይዝ አቋራጭ። ጎዶሎ ከሆነች በአንድ ጫፍ ብቻ የተያያዘ፣ ገባ ብሎ የሚቀር ቅርንጫፍ ነው። ለልጅ ቁጥር የደቡብ-ሰሜኑ ሕግ አይሠራም፤ 285 በጎዶሎ ስላለቀ ወደ ሰሜን ይሄዳል ማለት አይደለም፣ ዙሪያውን ነው የሚሄደው። ቀለበት ላይ ታፔላው የሚጽፈው አቅጣጫም በየጎኑ ይቀያየራል፤ በሰሜኑ ጎን «ኢስት» የነበረው መንገድ በምሥራቁ ጎን «ሳውዝ» ይሆናል።

የኤግዚት፣ ማለትም የመውጫ፣ ቁጥሮችም በዕጣ የወጡ አይደሉም፤ በአብዛኞቹ ግዛቶች ማይል ቆጣሪ ናቸው። ጎዶሎ መንገድ ከግዛቱ ደቡብ ድንበር፣ ሙሉ መንገድ ከምዕራብ ድንበር ዜሮ ብሎ ይጀምራል፤ በየግዛቱ እንደገና ከዜሮ ይቆጠራል። አንድ ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ የሁለት ኤግዚቶችን ቁጥር መቀነስ ርቀቱን ይሰጣል።

አትላንታን ውሰዱ። አይ-20 ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ከተማውን ሲሰነጥቅ ቀለበቱን አይ-285ን ሁለት ጊዜ ያገኘዋል፤ በምዕራብ ኤግዚት 51 ላይ፣ በምሥራቅ ኤግዚት 67 ላይ። ልዩነቱ 16 ማይል፣ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከኮምቦልቻ ደሴ እንደመውጣት ያህል። መሐሉ ተጨናንቆ በቀለበቱ ልዙር ብትሉስ? ቀለበቱ በሰዓት አቆጣጠር ዙሪያ ሲቆጠር 64 ማይል ያህል ነው። አይ-20ን በምዕራብ የሚያገኘው በራሱ ኤግዚት 10፣ በምሥራቅ በኤግዚት 46 ነው። በሰሜን ከዞራችሁ 46 ሲቀነስ 10፣ 36 ማይል፤ በደቡብ ከዞራችሁ የቀረው 28 ማይል። ካርታ ሳትከፍቱ ደቡቡ 8 ማይል እንደሚያጥር አወቃችሁ። ከስድስት ጎማ በላይ የሆነ መኪና ከቀለበቱ ውስጥ የሚያራግፈው ወይም የሚጭነው ከሌለው ግን ምርጫ የለውም፤ በ285 እንዲዞር ታፔላው ያዝዘዋል። ዲስፓች የሚሠራ ሰው 16 ማይል ብሎ ሰዓት አስልቶ ሹፌሩን የሚያስወቅሰው እዚህ ላይ ነው።

እዚያው አትላንታ አይ-75 እና አይ-85 መሐል ከተማውን የሚያልፉት አንድ አስፋልት ላይ ተደርበው ነው። ሁለት መንገድ ሲደረብ የኤግዚት ቁጥሩ የአንደኛው ብቻ ይሆናል፤ እዚህ የ75 ነው። በ85 ወደ ሰሜን የሚሄድ ሹፌር ቁጥሩ ድንገት ወደ 240ዎቹ ሲዘል መንገድ ሳትሁ ብሎ እንዳይደነግጥ። ሲለያዩ 75 በግራ፣ 85 በቀኝ ይሄዳል፤ ብዙ ረድፍ ስላለ ታፔላው እንደታየ ረድፍ መያዝ ነው፣ መጨረሻ ላይ መቁረጥ አይቻልም።

ዋሽንግተን ደግሞ ሌላ ጣጣ አላት። አይ-95 ከተማውን እንዲሰነጥቅ ታስቦ ነበር፤ ዕቅዱ እ.ኤ.አ. በ1977 ተሰረዘ። 95 ከደቡብ መጥቶ ስፕሪንግፊልድ ላይ ሲደርስ የቀለበቱን የ495ን ምሥራቃዊ ግማሽ ተደርቦ ይዞራል፤ ወደ ከተማው የሚገባው ቀሪ ቁራጭ 395 ተባለ። 3 ጎዶሎ ናት፤ ገብቶ ይቀራል።

ከአሌክሳንድሪያ ሐበሻ ወደ በዛበት ሲልቨር ስፕሪንግ በምሥራቁ በኩል የሚሄድ ሰው እንዲህ ያንብብ። ቨርጂኒያ ውስጥ ኤግዚቶቹ የ95ን ቁጥር ይዘው 173 ብለው ተነስተው 177 ይደርሳሉ። የፖቶማክን ድልድይ ተሻግሮ ሜሪላንድ ሲገባ ቁጥሩ ወደ 2 ይወርዳል፤ ግዛት ተቀየረ ማለት ነው። ኤግዚት 27 ላይ 95 ተገንጥሎ ወደ ባልቲሞር ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው፤ «95ን ያዝ» ተብሎ ስለመጣ 95ን ይከተላል። መከተል ያለበት 495ን ነው፤ ጆርጂያ አቬኑ ኤግዚት 31 ነው። በቀለበቱ ላይ «ኢነር ሉፕ» እና «አውተር ሉፕ» የሚባሉት ሁለት የተለያዩ መንገዶች አይደሉም። እንደ እኛው በቀኝ ስለሚነዳ በሰዓት አቆጣጠር የሚዞረው መኪና የውስጠኛውን ይይዛል፣ ያ ኢነር ነው፤ በተቃራኒው የሚዞረው አውተር። ከላይ ያልነው ጉዞ በአውተር ነው።

ዴንቨር ለሕጉ ጥሩ መፈተኛ ናት። አይ-25 እና አይ-70 ከተማው ውስጥ ይገናኛሉ። በኦሮራ በኩል የሚያልፈው 225 ከ25 ተነስቶ 70 ላይ ያልቃል፤ ወደ ወላጁ አይመለስም፣ ቀለበትም አይደለም። ሁለቱም ጫፎቹ ኢንተርስቴት ስለሆኑ ግን 2 ይገባዋል። እዚያው 270 አለ። 270 ሲባል ደግሞ ቆም በሉ፦ ኮሎራዶ ውስጥ አጭር አገናኝ፣ ኮሎምበስ ኦሃዮ ላይ ሙሉ ቀለበት፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከ495 ወደ ፍሬድሪክ የሚወጣ መንገድ፣ ሴንት ሉዊስ ላይ ደግሞ ሌላ። ሁሉም የ70 ልጆች ናቸው። ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር በአንድ ግዛት ውስጥ ለሁለት የተለያዩ መንገዶች አይሰጥም፤ በሌላ ግዛት ግን ይደገማል። 405ም ሲያትል፣ ፖርትላንድና ሎስ አንጀለስ ላይ አለ። ስለዚህ አድራሻ ስትልኩ የግዛቱን ስም ከቁጥሩ ጎን ጻፉ፤ «270 ኤግዚት 9» ብቻውን አድራሻ አይደለም።

ፊደል የተቀጠለበት ቁጥርም ያስቸግራል። አይ-35 ዳላስና ፎርት ዎርዝ ላይ ለሁለት ተከፍሎ መልሶ ይገጥማል፤ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ላይም እንደዚሁ። 35ኢ በምሥራቁ፣ 35ደብልዩ በምዕራቡ ከተማ ያልፋል ማለት እንጂ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ይሄዳል ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ደቡብ-ሰሜን ናቸው። «35 ኢስት» ብሎ የሰማ ሰው ወደ ፀሐይ መውጫ የሚሄድ መንገድ ሲፈልግ ይውላል። የ35ን የማይል ቆጠራ የሚቀጥለው በሁለቱም ቦታ ኢው ነው፤ ደብልዩው ከራሱ ዜሮ ይጀምራል፣ የኤግዚት ቅነሳው ሂሳብ መለያያው ላይ ይቋረጣል።

ከሥርዓቱ የወጡም አሉ። ፔንስልቬንያ ውስጥ ያለው አይ-99 በቁጥሩ ከ95 ምሥራቅ መሆን ሲገባው ከ81 በስተምዕራብ ነው። ኦክላንድ አጠገብ ያለው 238 ደግሞ ወላጅ የሌለው ልጅ ነው፤ አይ-38 የሚባል መንገድ የትም የለም። እንዲህ ያሉት ጥቂት ስለሆኑ እነሱን መሸምደድ ይቻላል።