በባቡር ኩባንያዎች የአክሲዮን ጨዋታ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ መሃል የሚያልፈውን ሐዲድ የዘረጋው ባልቲሞርና ኦሃዮ የተባለው የባቡር ኩባንያ ነው። እዚህ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በየቀኑ በድልድዩ ሥር እንመላለሳለን። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ደግሞ ከዚያው ሐዲድ ብዙም በማይርቅ ቤት በወር አንድ ቅዳሜ ተሰብስበን የዚህኑ ኩባንያ አክሲዮን ስንሻማ እናመሻለን። ጨዋታው 1830 ይባላል። የሠራው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ትሬሻም ሲሆን የታተመው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። ትሬሻም ቀደም ብሎ በ1974 ያወጣው 1829 የተባለው ጨዋታ የዚህ ሁሉ ቤተሰብ አባት ነው፤ ዛሬ ስማቸው በ18 የሚጀምር እጅግ ብዙ ጨዋታዎች አሉ።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ሰሌዳው ላይ የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ካርታ አለ። ስምንት ትልልቅ የባቡር ኩባንያዎች አሉ፤ የእያንዳንዳቸው አክሲዮን በአሥር እጅ ተከፋፍሏል። በአክሲዮን ዙር ሁሉም ይገዛል፣ ይሸጣል። በሥራ ዙር ከሁሉም የበለጠ አክሲዮን የያዘው ሰው የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሆኖ ሐዲድ ይዘረጋል፣ ባቡር ይገዛል፣ ትርፍ ያከፋፍላል። ዳይስ አይጣልም፣ ካርታ አይበወዝም። ባንኩ የያዘው 12,000 ዶላር ሲያልቅ ወይም አንድ ተጫዋች ሲከስር ጨዋታው ያበቃል።

ዕድል የሌለበት ጨዋታ ስለሆነ እንድናሸንፍም እንድንወድቅም የሚያደርገን የራሳችን ውሳኔ ነው። በጠረጴዛችን ዙሪያ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች እነሆ።

ኩባንያውን እንደ ራስ መቁጠር

ጀማሪ ሁሉ እዚህ ይወድቃል። ፕሬዚዳንት የሚለውን ሰርተፊኬት ሲቀበል ኩባንያው የእሱ ይመስለዋል። ሐዲዱ እንዲያምርለት ይደክማል፣ ካዝናው እንዲሞላለት ይሳሳል። አንድ ጓደኛችን በመጀመሪያ ጨዋታው የኒውዮርክ ሴንትራል ፕሬዚዳንት ነበር። መጨረሻ ላይ ካርታውን ያየ ሁሉ አደነቀለት፤ ከኒውዮርክ ተነስቶ ምዕራቡ ጫፍ ድረስ የሚዘልቅ መስመር ነበረው፣ በካዝናውም ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ተቀምጧል። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ሦስተኛ ወጣ። የሚቆጠረው በተጫዋቹ እጅ ያለው ጥሬ ገንዘብና የያዛቸው አክሲዮኖች ዋጋ ብቻ ነውና በኩባንያው ካዝና የቀረው ገንዘብ ለማንም አልተቆጠረም።

ይህንን ለአዲስ ሰው ስታስተምሩ ከሐዲድ አትጀምሩ። ገንዘቡን በሁለት ቦታ ለይታችሁ አስቀምጡለት፤ አንዱ የእሱ ኪስ፣ ሌላው የኩባንያው ካዝና። ሌላው ሕግ ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል።

መነሻ ዋጋን ሳያሰሉ ማስቀመጥ

የኩባንያን አክሲዮን መነሻ ዋጋ የሚወስነው የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነው፤ ከ67 እስከ 100 ዶላር ካሉት ስድስት ዋጋዎች አንዱን ይመርጣል። ኩባንያው ሥራ የሚጀምረው ከአክሲዮኑ 60 በመቶው ሲሸጥ ነው፤ ያን ጊዜ የመነሻ ዋጋውን አሥር እጥፍ ከባንክ ይቀበላል። በ67 የተነሳ ኩባንያ 670 ዶላር፣ በ100 የተነሳ 1,000 ዶላር ይይዛል ማለት ነው። ስለዚህ ጀማሪው 100 ይላል፤ ማን ትልቁን ይጠላል?

በአራት ሰው ጨዋታ እያንዳንዱ የሚጀምረው በ600 ዶላር ነው። ከጨዋታው በፊት በጨረታ ከሚሸጡት ስድስት ትንንሽ ኩባንያዎች ውዱ ባልቲሞርና ኦሃዮ 220 ዶላር ያወጣል፤ ከእሱ ጋር በዚሁ ስም የሚጠራው የትልቁ ኩባንያ የፕሬዚዳንት ሰርተፊኬት፣ ማለትም 20 በመቶው አክሲዮን አብሮ ይመጣል። ገዢው መነሻ ዋጋውን የሚናገረው እዚያው ነው። እጁ ላይ 380 ዶላር ቀርቶታል። 60 በመቶ ለመሙላት አራት አክሲዮን ይቀረዋል። 100 ካለ አራቱ 400 ዶላር ይሆናሉ፤ በ20 ዶላር ጎደለበት። ኩባንያው ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ የሌላ ሰው ርዳታም ይጠብቃል። 90 ቢል ኖሮ አራቱን በ360 ገዝቶ፣ 900 ዶላር በካዝናው ይዞ፣ ማንንም ሳይለምን በመጀመሪያው ዙር ይነሳ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው።

የዛሬውን ባቡር እንጂ የነገውን አለማየት

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ የጨዋታው ልብ እዚህ ነውና። ባቡሮች ያረጃሉ። ስድስት ባለ 2፣ አምስት ባለ 3፣ አራት ባለ 4፣ ሦስት ባለ 5፣ ሁለት ባለ 6፣ ከዚያም ዲዝሎች አሉ። ቁጥሩ ባቡሩ የሚደርስባቸውን ከተሞች ብዛት ያሳያል። የመጀመሪያው ባለ 4 ሲገዛ ባለ 2 ሁሉ ከጨዋታ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ባለ 6 ባለ 3ን ያስወጣል፤ የመጀመሪያው ዲዝል ባለ 4ን። ዋጋው ከ80 ተነስቶ 180፣ 300፣ 450፣ 630 እያለ ዲዝል ላይ 1,100 ይደርሳል።

ይህ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ባቡር አልባ የሆነ ኩባንያ፣ የሚሄድበት መስመር እስካለው ድረስ፣ ባቡር የመግዛት ግዴታ አለበት። ካዝናው ካልበቃ ፕሬዚዳንቱ ከኪሱ ይጨምራል። ኪሱ ካልበቃ አክሲዮኑን ይሸጣል። ያም ካልበቃ ከሰረ፤ ጨዋታውም አለቀ።

አንድ ቅዳሜ ያየሁት እንዲህ ነው። ጓደኛችን የቦስተንና ሜይን ፕሬዚዳንት ነው፤ ኩባንያው ሁለት ባለ 3 ባቡር አለው፣ በካዝናው 120 ዶላር። ለብዙ ዙር ትርፉን ሳያስቀር እያከፋፈለ በገንዘብ ይመራን ነበር። ከጎኑ የተቀመጠው ሰው የመጀመሪያውን ባለ 6 በ630 ገዛ። ሁለቱም ባለ 3 ከፊቱ ተነሱ። ተራው ሲደርስ ቀሪውን ባለ 6 ለመግዛት 510 ዶላር ጎደለው፤ በእጁ ያለው 95 ነበር። እያንዳንዳቸው 112 ዶላር የሚያወጡ የፔንሲልቫኒያ አክሲዮኖች ነበሩትና ሦስት ቢሸጥ አይበቃውም፣ አራት ሸጠ። 33 ዶላር ቀረው። የፔንሲልቫኒያም ዋጋ አራት ደረጃ ወረደ፤ ያለ ጥፋታቸው ሌሎቹ ባለ አክሲዮኖችም አብረው ተጎዱ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ሰሌዳውን ሲያይ ቆየ።

መፍትሔው ቀድሞ መቁጠር ነው። ያልተሸጡት ባቡሮች ጠረጴዛው ላይ በግልጽ ይታያሉ። የመጀመሪያው ባለ 4 እንደተገዛ ስለ እያንዳንዱ ኩባንያችሁ «የማያረጀው ባቡር ከየት ይመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለ 5 እና ባለ 6 አያረጁም። ደግሞ ኩባንያዎች ከ1 ዶላር ጀምሮ በተስማሙበት ዋጋ እርስ በርሳቸው ባቡር መሸጥ ይችላሉ። በዚያ ሰዓት ሁለተኛ ኩባንያ ያቋቋመ ሰው አዲሱ ካዝና ሙሉ ስለሆነ ገንዘብ ወይም ባቡር ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግርበት መንገድ አለው። አንድ ኩባንያ ብቻ ይዞ የተቀመጠ ሰው ግን መውጫ የለውም።

የእውነተኛው ዓለም ባቡርም እንዲሁ ኩባንያ ያስጨንቃል። የእኛው የጅቡቲ መስመር በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ቢደርስም የጀመረው ኩባንያ ገንዘብ አልቆበት ከሰረ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፣ በሌላ ኩባንያ እጅ።

የሌላውን ሰው ኩባንያ ካዝና ሳያዩ አክሲዮኑን ማብዛት

አንድ ኩባንያ ጥሩ ትርፍ ይከፍላል፤ እናንተም 30 በመቶ ገዝታችኋል፣ ፕሬዚዳንቱ 50 በመቶ ይዟል። ደስ ይላል። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ባቡሩ ሊያረጅ ሲል፣ ካዝናውም ባዶ ሲሆን፣ ፕሬዚዳንቱ በአክሲዮን ዙር ሦስት አክሲዮን ይሸጣል። 20 በመቶ ቀረው፣ እናንተ በ30 በመቶ ትበልጡታላችሁ፤ ፕሬዚዳንትነቱ ወደ እናንተ ዞረ። የሚቀጥለውን ባቡር ከኪሳቸው የሚከፍሉት እናንተ ናችሁ።

በእኛ ቡድን ይህ መጀመሪያ ሲሆን ሰው ተቀያይሟል። እንደ ዕቁብተኛ ተማምነን የተቀመጥን መስሎን ነበርና። ስለዚህ አዲስ ሰው ከመጀመሩ በፊት ይህ እንደሚደርስበት፣ ሕጉም እንደሚፈቅደው ፊት ለፊት ንገሩት። ሳያውቅ የደረሰበት ሰው ለሁለተኛ ጊዜ አይመጣም፤ መቅረቱም ትክክል ነው። አውቆ የገባ ግን ተራው ሲደርስ እሱም ያደርገዋል፣ ቡናውም አብሮ ይጠጣል።

ጥንቃቄው ቀላል ነው። ከ10 በመቶ በላይ ከመግዛታችሁ በፊት የኩባንያውን ካዝናና ባቡር እዩ። በ10 በመቶ ላይ ማንም ፕሬዚዳንትነት ሊጥልባችሁ አይችልም፤ የፕሬዚዳንቱ ሰርተፊኬት 20 በመቶ ነውና።

አክሲዮን ገዝቶ መቀመጥ

ብዙዎቻችን አክሲዮን የምናውቀው ከአገር ቤት ባንኮች ነው። ይገዛል፣ ይቀመጣል፣ በዓመት ትርፍ ይወሰዳል፣ ለልጅ ይተላለፋል። ይህን ልማድ ይዞ የሚመጣ ሰው በ1830 አይሸጥም። እዚህ ግን ሽያጭ ራሱ መሣሪያ ነው፤ እያንዳንዱ የተሸጠ አክሲዮን የኩባንያውን ዋጋ በአንድ ደረጃ ይጥላል። አዲስ ኩባንያ ለማቋቋም ገንዘብ ስትፈልጉ ሽጡ። ፕሬዚዳንቱ ኩባንያውን ሊጥልባችሁ ነው ብላችሁ ስትጠረጥሩ ቀድማችሁ ሽጡ። በመጀመሪያው የአክሲዮን ዙር ብቻ መሸጥ ክልክል ነው።

ሁልጊዜ መክፈል፣ ወይም ሁልጊዜ ማስቀረት

አንድ ምሳሌ ይበቃል። ኩባንያችሁ 200 ዶላር አገኘ፣ እናንተ 60 በመቶ ይዛችኋል፣ ዋጋው 100 ላይ ነው። ብታከፋፍሉ 120 ዶላር ወደ ኪሳችሁ ይገባል፣ የአክሲዮኑም ዋጋ ወደ 112 ይወጣል። ካዝና ውስጥ ብታስቀሩት ምንም አታገኙም፣ ዋጋውም ወደ 90 ይወርዳል። በስድስት አክሲዮን ላይ ልዩነቱ 252 ዶላር ነው፤ ለኩባንያው 200 ለመስጠት እናንተ 252 ከፈላችሁ። ውድ ነው። ሆኖም ከላይ ያየነው ሰው በአንድ ተራ 510 ዶላር ከኪሱ አውጥቷል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ወስኑ፤ ማስቀረት ካለባችሁም ገቢው ገና ትንሽ ሳለ አድርጉት።

ጠረጴዛውን አለማዘጋጀት

የወረቀት ገንዘብ ጨዋታውን ይገድለዋል። በየዙሩ መቁጠር፣ መመንዘር፣ የተጣበቀውን ማላቀቅ። እኛ በፖከር መጫወቻ ክብ ፕላስቲኮች ከተካነው ወዲህ ከአንድ ሰዓት በላይ አትርፈናል። ካልኩሌተርም በየሰው እጅ ይኑር።

ከአራት ሰው በላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አትጫወቱ። እስከ ስድስት ሰው ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ስድስት ሰው ሲሆን እያንዳንዱ የሚጀምረው በ400 ዶላር ነው፣ ተራም እስኪደርስ እንቅልፍ ይመጣል። አራት ልምድ ያላቸው ሰዎች እንኳን ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። ሁሉም አዲስ ከሆኑ በ1889 ጀምሩ፤ በጃፓኗ ሺኮኩ ደሴት ላይ የተመሠረተ፣ ሕጉ ከ1830 ጋር የሚቀራረብ፣ ካርታው ትንሽ የሆነ ጨዋታ ነው። ሜሪላንድ ላይ ላለን ደግሞ 18 ቼሳፒክ የተባለው ቅርባችን ነው፤ እሱም ለጀማሪ ተብሎ የተሠራ ነው።

በየውሳኔው «እንዲህ አድርግ» የሚል አዋቂ ካለ አስቁሙት። እሱ በሁለት ሰው እጅ ይጫወታል፣ አዲሱ ሰው ምንም አይማርም። ጥያቄ ሲጠየቅ ሕጉን ይመልስ፣ ምክሩን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ያቆየው።

ምግቡንም አስቡበት። እንጀራ በልቶ ሳይታጠቡ የአክሲዮን ወረቀት መንካት ወረቀቱን ያበላሻል፤ የእኛ የፔንሲልቫኒያ ሰርተፊኬት ላይ የወጥ ምልክት እስከ ዛሬ አለ። የመጀመሪያው ባለ 4 ባቡር ሲገዛ ጨዋታውን አቁመን ማዕድ እንቀርባለን። ባለ 2 ባቡሮች ከሰሌዳው ተነስተው ሁሉም ሰው አዲስ ሒሳብ የሚያስብበት ሰዓት ስለሆነ፣ እየበላ ያስባል።