የጽጌረዳ ቁራጭ ቅጠል አውጥቶ ለምን ይሞታል?

የጎረቤት ጽጌረዳ ታምርባችሁና አንድ ቅርንጫፍ ለምናችሁ ትወስዳላችሁ። በሁለተኛው ሳምንት ቅጠል ብቅ ይላል፣ ቤቱ ሁሉ ደስ ይለዋል። በአራተኛው ሳምንት ጠውልጎ ይደርቃል። አዲስ አበባ ባለው በረንዳዬ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ደርሶብኛል፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ቅጠል አውጥቶ ጠወለገ

ቅጠል አወጣ ማለት ሥር ያዘ ማለት አይደለም። ግንዱ የራሱ ስንቅ አለው፤ ዓይኑ፣ ማለትም ቅጠል የሚወጣበት እብጠት፣ የሚፈነዳው በዚያ ስንቅ ነው። ስንቁ ሲያልቅ ከታች የሚመግብ ሥር ከሌለ ቅጠሉ ይወድቃል። ሥር ለመያዝ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ደግሞ ይዘገያል።

ስለዚህ ሥሩ እስኪመጣ ቅጠሉ እንዳይደርቅ እርጥበቱን ጠብቁለት። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ቂጡን ቆርጣችሁ ድፉበት። ሻጋታ እንዳይዘው በየቀኑ ክዳኑን ለጥቂት ደቂቃ ክፈቱ። ብርሃን ያለው ጥላ ስር ይቀመጥ፤ ጠርሙስ ተደፍቶበት ፀሐይ ካገኘው ይቀቀላል። እምቡጥ ካወጣ ቀንጥቡት። ያሳሳል፣ ግን ለሥር የሚሆነውን ስንቅ ይጨርስበታል።

አደራ፣ ሥር መያዙን ለማየት ብላችሁ አትንቀሉት። አዲስ ሥር እንደ ክር ቀጭን ነው፤ አንዴ ከተበጠሰ ድካማችሁ ሁሉ ከንቱ ነው። ማየት ካማራችሁ ከታች በተበሳ፣ ውስጡ በሚያሳይ የፕላስቲክ ኩባያ ትከሉና ዙሪያውን በወረቀት ጠቅልሉት። ወረቀቱን ገለጥ ስታደርጉ ነጩ ሥር ከጎን ይታያችኋል። እኔ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም።

ግንዱ ከታች ጠቆረ

በስብሷል። ውሃ በዝቶበታል፣ ወይም የተቆረጠበት ቢላዋ ንጹህ አልነበረም። ዋልካ አፈር ውሃ ይዞ ስለማይለቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅሉ። ላዩ ደረቅ ሲል ብቻ አጠጡ። ሥር ሳይዝ ማዳበሪያም እርጥብ ፍግም አይቅረበው።

የጠቆረው ክፍል አይድንም። ከላይ አረንጓዴ ከሆነ ግን ውስጡ ንጹህ እስኪሆን ቆርጣችሁ፣ መቀሱን በአልኮል ጠርጋችሁ፣ በአዲስ አፈር እንደገና ሞክሩ።

ድንች ውስጥ ሰክቶ መትከልንም አልመክርም። ድንቹ ይበሰብስና ግንዱን ይዞት ይሄዳል።

ምንም ሳያወጣ ደረቀ

ችግሩ ብዙ ጊዜ ምርጫው ላይ ነው። ለጋው ጫፍ ቶሎ ይጠወልጋል፣ ያረጀው እንጨት ሥር ማውጣት ይከብደዋል። አበባው ገና የረገፈለትን፣ እርሳስ የሚያክለውን ውሰዱ። እሾሁን በአውራ ጣት ወደ ጎን ስትገፉት ቀጭ ብሎ ከተነቀለ ደርሷል። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከታችኛው ዓይን ልክ በታች ቁረጡት፤ ሥር የሚወጣው በብዛት እዚያ አካባቢ ነው። ሁለት ዓይን አፈር ውስጥ ይግባ፣ ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ይቅር።

ከአበባ ሱቅ የመጣ ከሆነ ብዙ ተስፋ አታድርጉ። ከተቆረጠ ቀናት አልፈውት ይሆናል። እንደ ዝዋይና ሰበታ ባሉ አካባቢዎች የምናያቸው ዓይነት የንግድ እርሻዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝርያውን የሚያሳድጉት በሌላ ጠንካራ ጽጌረዳ ሥር ላይ አጣብቀው ነው። ስለዚህ በራሱ ሥር የሚቸገር ዝርያ ሊሆን ይችላል። የጎረቤት ቅርንጫፍ ይሻላችኋል።

ሥር ይዞ፣ ሲዛወር ጠወለገ

ከጠርሙሱ በአንዴ ስለወጣ ነው። ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ትንሽ ረዘም እያደረጋችሁ ክፈቱለት። ከዚያ ፀሐይ ስትበርድ ከነአፈሩ አዛውሩት፣ ውሃ አጠጡት፣ ጥቂት ቀንም ጥላ ስር ይቆይ።