የ2021ን ፎርሙላ ዋን ሀዋሳ ቁጭ ብሎ እንዴት ማየት ይቻላል

ታህሣሥ 3 ቀን 2014 ዓ.ም. (በፈረንጅ 2021) እሑድ ነበር። ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ከአቡ ዳቢ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር እየተላለፈ ነው፤ የምናየው ግን ሦስት ሰው ብቻ ነን። 11 ሰዓት ሲሆን ቤቱ በኳስ ተመልካች ጢም አለ። ባለቤቱ ሪሞቱን አነሳ። «ወንድሜ፣ 20 ዙር እንኳን አይሞላም የቀረው» አልኩት። «አንዱ ጥሎት ሄዷል እኮ፣ ምኑን ታያለህ? አልቋል» ብሎ ቀየረው። እውነት ለመናገር እኔም በልቤ አልቋል ብዬ ነበር። ሻዬን ጨልጬ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ስልኬን ስከፍት ሻምፒዮኑ ሌላ ሰው ሆኖ ጠበቀኝ።

ከዚያ በኋላ ያን የውድድር ዘመን ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና አየሁት። ከአንድ ባጃጅ ሾፌር ጓደኛዬ ጋር ደግሞ ሌላ ጊዜ ደገምኩት። እሱ ፎርሙላ ዋን የሚባል ነገር በሕይወቱ አይቶ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ እንደሱ ላላችሁ ነው። ኳስ ትወዳላችሁ፣ መኪናዎቹ ሲዞሩ አይታችሁ «ይሄ ምኑ ያዝናናል?» ብላችሁ ቻናል ቀይራችኋል። በ2021 ጀምሩ። ማን እንዳሸነፈ ብታውቁም ችግር የለም፣ ጣፋጩ እንዴት እዚያ እንደደረሱ ነው።

መጀመሪያ ትንሽ ሒሳብ። በዚያ ዓመት 22 ውድድር ነበር። አንደኛ የወጣ 25 ነጥብ ያገኛል፣ ሁለተኛ 18፣ ሦስተኛ 15፣ እንዲህ እያለ አሥረኛው ላይ 1 ይደርሳል። በጣም ፈጣኑን ዙር የነዳ ደግሞ አሥሩ ውስጥ ከጨረሰ ያኔ 1 ይጨመርለት ነበር። ፉክክሩ በሁለት ሰው መካከል ነው። አንዱ ያኔ ለመርሴዲስ ይነዳ የነበረው ሉዊስ ሃሚልተን ነው፤ ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ፣ ስምንተኛውን ቢወስድ በታሪክ ብቸኛ የሚሆን። ሌላው የሬድ ቡሉ ማክስ ቨርስታፐን ነው፤ አንድም ዋንጫ ያልነበረው፣ መንገድ ልቀቅ ቢሉት የማይለቅ ልጅ። ደብተር ያዙና የሁለቱን ነጥብ በየውድድሩ ጻፉ። ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል። ግን ደብተሩን የያዘ ሰው ነው መጨረሻ ላይ ልቡ የሚመታው።

አሁን ዋናው ነገር። መኪናውን አትዩ፣ ጎማውን እዩ።

ይሄን ከእኔ ይልቅ ጓደኛዬ ነው ቶሎ የገባው። የመጀመሪያውን ውድድር፣ ባህሬንን፣ ከፈትኩለት። ሃሚልተን ይመራል፣ ቨርስታፐን ከኋላ በየዙሩ እየቀረበ ይመጣል። ኳስ ወዳጅ ጓደኞቼ ሁሌ የሚጠይቁኝ «የማን መኪና ነው የሚፈጥነው?» ነው። እሱ ግን ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ «ጎማውን መቼ ነው የቀየረው?» አለኝ። አለቀ። ከጎሚስታ ጋር ሲከራከር የሚውል ሰው ነዋ! የሃሚልተን ጎማ አርጅቷል፣ የቨርስታፐን አዲስ ነው። አዲሱ ጎማ መንገዱን ይዞ ይታጠፋል፣ አሮጌው ይንሸራተታል። ቨርስታፐን ሊያበቃ ጥቂት ዙር ሲቀረው አለፈው፣ ግን ሲያልፍ ከመስመር ወጥቶ ስለነበር ቦታውን እንዲመልስ ተነገረው። መለሰ። በአንድ ሰከንድ በማይሞላ ልዩነት ተሸነፈ። ዓመቱ እንዲህ ተጀመረ።

ጎማዎቹን በቀለም ነው የምትለዩት። ቀይ ለስላሳው ነው፤ ይፈጥናል፣ ቶሎ ያልቃል። ነጭ ጠንካራው ነው፤ ይዘገያል፣ ግን ይቆያል። ቢጫው መሐል ላይ ነው። አረንጓዴ ለቀላል ዝናብ፣ ሰማያዊ ለከባድ ዝናብ። መንገዱ ደረቅ ከሆነ በአንድ ውድድር ቢያንስ ሁለት ዓይነት የደረቅ ጎማ መጠቀም ግዴታ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ለመቀየር አንድ ጊዜ መግባቱ አይቀርም። ቅየራው ራሱ ከሁለት እስከ ሦስት ሰከንድ ነው የሚፈጀው (የእኛ ጎሚስታ ክሪኩን ፈልጎ ሳያገኝ ማለት ነው)። ግን ወደ መቀየሪያው ሲገቡና ሲወጡ ቀስ ብለው ስለሚነዱ በጠቅላላው 20 ሰከንድ ገደማ ያጣሉ። ይህችን ቁጥር ያዟት። መሪው ከኋላው ካለው ከ20 ሰከንድ በላይ ከራቀ ገብቶ ቀይሮ አሁንም መሪ ሆኖ ይወጣል። ካልራቀ ችግር አለ። አደጋ ደርሶ ሴፍቲ ካር የሚባለው መኪና ከፊት ሲገባ ደግሞ ሁሉም ቀስ ስለሚሉ መግባት ይረክሳል፣ ያኔ ነው ዕድል የሚገለባበጠው።

22ቱንም ማየት አያስፈልግም። የፎርሙላ ዋን የራሱ የዩቲዩብ ገጽ ላይ የእያንዳንዱ ውድድር ቅንጭብ አለ። የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ ማውረድ ነው። ጥራቱን በጣም ዝቅ አታድርጉት፣ ቢጫና ነጩ ጎማ አንድ ይሆንባችኋል። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ብር ለመቆጠብ ብዬ ግማሹን ዓመት በግምት ነው ያየሁት።

ከባህሬን በኋላ ባኩን እዩ። ቨርስታፐን እየመራ ሊጨርስ አምስት ዙር ሲቀረው ቀጥተኛው መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ። ውድድሩ ቆሞ እንደገና ለሁለት ዙር ተጀመረ፣ ሃሚልተን ደግሞ መሪው ላይ ያለች የፍሬን ቁልፍ ሳያውቅ ነክቶ መጀመሪያው ኩርባ ላይ ቀጥ ብሎ ወጣ። 15ኛ። ሁለቱም ዜሮ። ደብተራችሁ ላይ ሁለት ዜሮ ስትጽፉ ያማል።

ከዚያ ሲልቨርስቶን። እዚህ ላይ ወገን ትመርጣላችሁ፣ ማንም አያመልጥም። የመጀመሪያው ዙር ላይ ኮፕስ የሚባለው ፈጣን ኩርባ ጋ ተነካኩ፣ ቨርስታፐን ግድግዳው ላይ ተላተመ፣ የግጭቱ ኃይል 51 ጂ (የመሬት ስበት 51 እጥፍ) ተለካ፣ ሆስፒታል ተወሰደ። ሃሚልተን 10 ሰከንድ ተቀጣ፤ ቢሆንም አሸነፈ። ከውድድሩ በፊት ቨርስታፐን በ33 ነጥብ ይመራ ነበር፤ ሲያልቅ 8 ሆነ። ጥፋቱ የማን ነው? እኔና ጓደኛዬ አሞራ ገደል ዓሣ ሾርባ እየጠጣን ቪዲዮውን ስድስት ጊዜ ወደኋላ መልሰን አይተን አልተስማማንም። እሱ «ውስጥ የገባው ነው የሚጠየቀው» ይላል፤ የአደባባይ ሕግ መሆኑ ነው። እኔ ቨርስታፐን ትንሽ ቦታ ቢተውለት ኖሮ እላለሁ። ሾርባው ቀዘቀዘ።

ሃንጋሪን ለሳቅ እዩት። በዝናብ መነሻው ላይ የሃሚልተን የቡድን ጓደኛ ቦታስ ፍሬን አሳልፎ ግማሹን ሰልፍ አጨደው። ውድድሩ ቆሞ ድጋሚ ሊጀመር ሲል ሌሎቹ በሙሉ የደረቅ ጎማ ለማድረግ ገቡና መነሻው መስመር ላይ ሃሚልተን ብቻውን ቆመ። አንድ መኪና፣ ባዶ አስፋልት፣ መብራቱ ሲጠፋ ብቻውን ተነሳ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። በሚቀጥለው ዙር ገብቶ ሲወጣ የመጨረሻ ሆኖ ተገኘ። ያሸነፈው ኢስቴባን ኦኮን ነው።

ስፓን ዝለሉት። ዝናብ ነበር፣ ከሴፍቲ ካር ኋላ ትንሽ ተንሸራሸሩ፣ ግማሽ ነጥብ ተሰጠ፣ አለቀ። ደብተራችሁ ላይ ያለችው «.5» ከየት መጣች ካላችሁ ከዚያ ነው። ሞንዛ ላይ የቨርስታፐን መኪና የሃሚልተን ራስ ላይ ወጥቶ ሲቆም ታያላችሁ። ከሾፌሩ አናት በላይ ያለው ሃሎ የሚባለው ቅስት ባይኖር ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ሶቺን ግን ከሥሩ እዩት። የጎማው ትምህርት የሚያልቀው እዚያ ነው። ወጣቱ ላንዶ ኖሪስ የመጀመሪያ ድሉን ሊያገኝ ጥቂት ዙር ቀርቶታል። ዝናብ ጀመረ። ቡድኑ በሬዲዮ ስለ ዝናብ ጎማ ያወራዋል፣ እሱ አልገባም አለ። ከኋላው ያለው ሃሚልተን ገባ። ሀዋሳ ውስጥ በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ባጃጅ የነዳ ሰው ይሄን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልገውም፤ የመጀመሪያው ጠብታ ምንም አያደርግም፣ አስፋልቱ ላይ ያለው አቧራና ዘይት ተቦክቶ ሲንሸራተት ነው ጉዱ። ጓደኛዬ አልጋው ላይ ተነስቶ ቆሞ «ግባ እንጂ! ግባ!» ይላል፣ ከዓመታት በፊት ላለቀ ውድድር። ኖሪስ ተንሸራቶ ወጣ። ሃሚልተን አሸነፈ፣ 100ኛ ድሉ።

የብራዚሉ ሳኦ ፓውሎ ለሁለት ቀን እንደሚታይ ፊልም ነው። ሃሚልተን በማጣሪያው አንደኛ ሆነ፣ ከዚያ የኋላ ክንፉ ክፍተት ከተፈቀደው 85 ሚሊ ሜትር በጥቂቱ አልፏል ተብሎ ውጤቱ ተሰረዘ። ቅዳሜ በአጭሩ ውድድር ከመጨረሻ ተነስቶ አምስተኛ ወጣ። እሑድ ሞተር በመቀየሩ ቅጣት አምስት ቦታ ወደ ኋላ ተመልሶ ከአሥረኛ ተነሳ። አሸነፈ። ቨርስታፐን ደግሞ የባላንጣውን መኪና ክንፍ በእጁ በመንካቱ ብቻ 50,000 ዩሮ ተቀጣ። ቅጣቱን ወደ ብር አትቀይሩት፣ ስሜታችሁ ይበላሻል። ጅዳ ላይ ደግሞ ውድድሩ ቆመ፣ ተጀመረ፣ እንደገና ቆመ፣ ተጀመረ፣ ከዚያ ሁለቱ ተጋጩ። ሃሚልተን አሸነፈ። አሁን ደብተሩን እዩት። 369.5 ለ 369.5። ከ21 ውድድር በኋላ እኩል። አንድ ውድድር ቀረ።

ወደ አቡ ዳቢ ከመሄዳችሁ በፊት ቀጥታ ስርጭት ማየት ለምትፈልጉ አንድ ሁለት ነገር። የሚለጠፈው ሰዓት ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ነው፣ ስድስት መቀነስ አትርሱ። 16፡00 ካለ 10 ሰዓት ነው። የአውሮፓ ውድድሮች አብዛኞቹ በእኛ 10 ሰዓት ላይ ናቸው፣ የእንግሊዙ 11፣ የጃፓኑ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ። 10 እና 11 ሰዓት ደግሞ የፕሪሚየር ሊግ ሰዓት ነው። ስለዚህ ብቻችሁን አትሂዱ። አራት አምስት ሆናችሁ ቀድማችሁ ግቡ፣ ሂሳብ ቀድማችሁ ክፈሉ፣ ሁለተኛ ስክሪን ያለበት ቤት ፈልጉ፣ ባለቤቱንም እስከ መጨረሻው ዙር እንደምታዩ ከመጀመሪያው አስምሉት። እኔ አላስማልኩትም ነበር።

አቡ ዳቢን ቅንጭቡን ሳይሆን ሙሉውን እዩ፣ ማግኘት ከቻላችሁ። ሃሚልተን ከመነሻው መርቷል፣ 14ኛው ዙር ላይ ነጭ ጎማ አድርጎ ከዚያ በኋላ አልገባም። የቨርስታፐን የቡድን ጓደኛ ፔሬዝ መሐል ላይ መንገድ ዘግቶ ሃሚልተንን ሲያደክመው ልብ በሉ፤ ያኔ የጠፉት ሰከንዶች መጨረሻ ላይ ዋጋ ያወጣሉ። ከ58ቱ ዙር 53ኛው ላይ ኒኮላስ ላቲፊ ግድግዳ መታ። ሴፍቲ ካር ወጣ። ሃሚልተን 11 ሰከንድ ገደማ ቀድሟል። በኋላ የሆነው፣ የውድድሩ ዳይሬክተር ማይክል ማሲ በመካከላቸው ያሉትን በዙር የተቀደሙ አምስት መኪናዎች ብቻ ሴፍቲ ካሩን እንዲያልፉ መፍቀዱ፣ አንድ ዙር ብቻ ቀርቶ መንገዱ መከፈቱ፣ ማሲ በየካቲት 2022 ከቦታው መነሳቱ፣ ይሄ ሁሉ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ ሕጉ አልተከበረም ባይ ነኝ። የማይስማማ ብዙ ነው።

እናንተ ግን ላቲፊ ግድግዳውን የመታ ሰከንድ ላይ ቪዲዮውን አቁሙት። አጠገባችሁ ላለው ሰው «አንተ መርሴዲስ ነህ፣ ሾፌርህን ታስገባዋለህ ወይስ አታስገባውም?» በሉት። እኔ ለጓደኛዬ ያደረግኩት ይሄንኑ ነው።

«ጎማው ስንት ዙር ሆነው?» አለ።

«ወደ 40 እየተጠጋ ነው።»

«አስገባዋለሁ።»

«መግባት 20 ሰከንድ ያሳጣል፣ አሁን ሴፍቲ ካር ስላለ ከዚያ ያንሳል፣ ግን የቀደምከው በ11 ነው። አንተ ከገባህ ቨርስታፐን አይገባም፣ ከፊትህ ይሆናል። ውድድሩ ደግሞ ከሴፍቲ ካር ኋላ ሊያልቅ ይችላል።»

ዝም አለ። ስልኩን ወሰደና የቆመውን ምስል አጉልቶ ጎማውን አየ።

«እሺ፣ አላስገባውም» አለ።

ቪዲዮውን ለቀቅኩት።