ርካሽ ዲጂታል ካሊፐር ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ቶርኖ ቤት የኖረ ሰው ፊት ርካሽ ዲጂታል ካሊፐር (እቃን በመንጋጋዎቹ ይዞ የሚለካ፣ ልኬቱን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ብታወጡ “አቦ ተወው፣ ይሄ መጫወቻ ነው” መባላችሁ አይቀርም። ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ከደረሰ ወዲህ ብረት መቁረጥና መለካት ሙያ ሆኖ ኖሮባታል። ስለዚህ የባለሙያዎቹን ጥርጣሬ አልንቅም። ለትርፍ ጊዜ ሥራ ግን ፍርዱ ይከብዳል።

አካሉ ብረት የሆነ ርካሽ ካሊፐር አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው እስከ 0.02 ወይም 0.03 ሚሊሜትር ሊሳሳት ይችላል ተብሎ ነው። የፕላስቲኩ ስህተት እስከ 0.1 ወይም 0.2 ይደርሳል። ለእንጨት ሥራ፣ ለስሪዲ ፕሪንተር፣ ብሎን ለመለየት የብረቱ በደንብ ይበቃል። ስክሪኑ 0.01 ስላሳየ ግን 0.01 ድረስ እውነቱን ነገራችሁ ማለት አይደለም። እኔ የመጨረሻዋን አሃዝ እንደ ፍንጭ ብቻ ነው የማያት።

ሲዘጋ ዜሮ አይልም፣ ወይም ዜሮው በየጊዜው ይለያያል

መጀመሪያ አቧራ ጠርጥሩ። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነፋስ ያነሳት አንዲት ቅንጣት መንጋጋው መሃል ከገባች ልኬቱን ታበላሻለች። ንጹህ ወረቀት መንጋጋዎቹ መሃል አስገቡ፣ ቀስ ብላችሁ ዝጉ፣ ከዚያ ወረቀቱን ሳቡት። ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። አሁን ዝጉና ዜሮ የሚለውን ተጫኑ። ደጋግማችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ። በ0.01 ወዲያ ወዲህ ካለ ጤነኛ ነው።

ካልተስተካከለ ዘግታችሁ ወደ መስኮት አንሱት። በመንጋጋዎቹ መሃል ብርሃን ጫፉ ላይ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ተንሸራታቹ ክፍል ልል ነው ማለት ነው። ከላይ በኩል ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ። አንዳንዱ ላይ በተለጣፊ ወረቀት ተሸፍነዋል። በሰዓት ካቻቢቴ እስኪይዙ አጥብቁና የዙር አንድ ስምንተኛ ያህል መልሱ። ሳይንገጫገጭ፣ ሳይከብድም መንሸራተት አለበት። ካሊፐሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ትኩረት የማያገኘው ይሄ ቦታ ነው። ጥቂት ደቂቃ ብትሰጡት እቃው ሌላ እቃ ይሆናል።

ቁጥሩ ይዘላል፣ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ስክሪኑ ይደበዝዛል

ባትሪ ነው። አብሮት የሚመጣው ኤልአር 44 የሚባለው አልካላይን ነው። እሱ ሲያልቅ ኃይሉ ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ ቁጥሩም አብሮ ይታወካል። ኤስአር 44 የሚባለው የብር ኦክሳይድ ባትሪ መጠኑ አንድ ነው። እስከ መጨረሻው ድረስ ኃይሉን ስለሚይዝ ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ። ሌላም አለ፦ ርካሾቹ ማጥፊያውን ብትጫኑም ውስጣቸው መሥራት አያቆምም። ስክሪኑ ብቻ ነው የሚጠፋው። ለሳምንታት የማትጠቀሙበት ከሆነ ባትሪውን አውጡት።

ባትሪው አዲስ ሆኖም ከዘለለ ላብ ወይም ዘይት ነው። ቁጥር የተጻፈበት ተለጣፊ ሥር ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች አሉ። ተንሸራታቹ ቦታውን የሚያውቀው ከነሱ ጋር ያለውን የኤሌክትሪክ ለውጥ እያነበበ ነው። እርጥበት ያንን ንባብ ያውካል። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ካልበቃ ጨርቁን በትንሹ አልኮል አርሱ። ቤንዚን አትንኩ፣ ፕላስቲኩንና ተለጣፊውን ይበላል።

ቁጥሩ የተረጋጋ ነው፣ ግን ልክ አይመስልም

ብዙ ካሊፐር በግፍ የሚጣለው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ኤም 8 ብሎን (በስሙ የ8 ሚሊሜትር የሚባለውን) ለክታችሁ 7.85 አለ። ካሊፐሩ አልዋሸም። የተለመደው ኤም 8 ብሎን ውጪው ከ7.76 እስከ 7.97 እንዲሆን ነው የሚሠራው። ዳዶው ውስጥ እንዲገባ ማነስ አለበት።

ቁጥሩ ጭራሽ ከእውነት የራቀ ከሆነ ኢንች ላይ ተቀይሮ እንደሆነ እዩ። 25.4 ሚሊሜትር አንድ ኢንች ነው። መንጋጋው ተከፍቶ እያለ ዜሮ ተጭናችሁም ሊሆን ይችላል።

ትንሽ ቀዳዳ ስትለኩ ሁልጊዜ አንሶ ይታያል። የውስጥ መለኪያዎቹ ጫፍ ስለት ቢመስልም ጠፍጣፋ ስፋት አለው። 4 ወይም 5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ውስጥ ያ ስፋት ከግድግዳው ጋር በትክክል እንዳይገናኝ ያደርገዋል። መፍትሄው ቀላል ነው፦ የትራፓኖ ፑንታዎችን ለስላሳ ጀርባ አንድ በአንድ ሞክሩ። የሚገባውን ትልቁን በውጪው መንጋጋ ለኩት።

አያያዝም አለ። እቃውን በመንጋጋው ጫፍ ይዛችሁ በአውራ ጣት ከተጫናችሁ ተንሸራታቹ ያዘነብላል። እቃው ወደ ካሊፐሩ ዋና ዘንግ በቀረበ ቁጥር ስህተቱ ይቀንሳል። ዜሮ ስታደርጉ የተጠቀማችሁበትን ግፊት ስትለኩም ተጠቀሙ። ይሄ ልማድ ከየትኛውም ውድ እቃ ይልቅ ልኬታችሁን ያሻሽላል ብዬ አምናለሁ።

ሙቀቱንም አንርሳ። የልኬት መነሻ ሙቀት በዓለም ደረጃ 20 ዲግሪ ነው። ሰኔ ላይ ድሬ ከሰዓት በኋላ 35 ማለፉ ብርቅ አይደለም። ግን አትደንግጡ። ካሊፐሩና ብረቱ አንድ ጥላ ሥር ከቆዩ አብረው ስለሚሰፉ ልዩነቱ ይጣፋል። ችግሩ አንዱ ብቻ ሲሞቅ ነው። 100 ሚሊሜትር ብረት በ10 ዲግሪ ልዩነት 0.012 ያህል ይረዝማል። ከፕሪንተር የወጣ የፒኤልኤ ፕላስቲክ በዚያው ልክ ወደ 0.07 ይደርሳል። ስለዚህ የታተመው ይብረድ፣ ካሊፐሩም ባጃጅ መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ አይቀመጥ።

ታዲያ ካሊፐሩን በምን ልፈትነው?

በአዲስ ኩሽኔታ (ቤሪንግ)። ደህና ስም ያለው፣ 6203 የሚል ቁጥር ያለበት ኩሽኔታ ውጪው 40 ሚሊሜትር ነው። ቢያንስም ከ0.011 በላይ አያንስም። 6202 ውጪው 35፣ 608 ደግሞ 22 ነው። መለዋወጫ ሱቅ ስትገቡ ካሊፐሩን ይዛችሁ ግቡና ሦስቱንም ለኩ። ውፍረቱን ግን አትመኑ፣ እሱ እስከ 0.12 ሊያንስ ይፈቀድለታል። ንባቡ ከሦስቱም በ0.03 ውስጥ ከሆነ እቃችሁ ጥሩ ነው። በአንዱ ብቻ ከሳተ ደግማችሁ ጥረጉና ለኩ። በሦስቱም ከራቀ፣ ያኔ ቀይሩት።

የማይበቃበት ቦታ

ኩሽኔታ ተጠብቆ የሚገባበት ዘንግ። ለ17 ሚሊሜትር ኩሽኔታ የተለመደው አንድ ልክ ከ17.001 እስከ 17.012 ነው። የካሊፐሩ ስህተት ከዚህ ይበልጣል። እዚህ ማይክሮሜትር (ከካሊፐር ይበልጥ በትክክል የሚለካ መሣሪያ) ያስፈልጋል፣ የቶርኖ ባለሙያዎቹም ጥርጣሬ ልክ ነው። ዘንግ ልታስቆርጡ ስትሄዱ በካሊፐር ያነበባችሁትን ቁጥር ጽፋችሁ አትስጡ። ኩሽኔታውን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ።