የለቀቀ የዌትሱት ስፌት እቤት ውስጥ ሲጠገን

እስራኤል ውስጥ ባለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ በኤላት፣ በየካቲት የቀይ ባሕር ውሃ ወደ 21 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ሲሰሙት ያን ያህል ቀዝቃዛ አይመስልም። ግን ብብቱ ላይ ስፌቱ የለቀቀ ዌትሱት (ጠላቂዎች የሚለብሱት፣ ሰውነት ላይ ጥብቅ የሚል የጎማ ልብስ) ለብሳችሁ ስትጠልቁ፣ ክንዳችሁን በዘረጋችሁ ቁጥር ቀዝቃዛ ውሃ ጎናችሁን ይዞ ይወርዳል፤ ትንሽ ቆይቶ ጥርስ መንገጫገጭ ይጀምራል።

ዌትሱት ውሃ አያስገባም የሚሉ አሉ። ያስገባል። የሚያሞቀን ከቆዳችንና ከልብሱ መሃል የገባችው ጥቂት ውሃ እዚያው ተይዛ በሰውነታችን ሙቀት ስለምትሞቅ ነው፣ ልብሱ የተሠራበት ጎማ (ኒዮፕሪን) ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎችም ሙቀቱ እንዳያመልጥ ይይዙታል። ስፌት ሲለቅ ያቺ የሞቀች ውሃ ትወጣና ቀዝቃዛው ይተካታል። ስለዚህ የጣት ጥፍር የምታክል ክፍተትም ቢሆን ዝም አትበሏት።

መጀመሪያ ልብሱን በንጹህ ውሃ እጠቡት፣ ጨው ባለበት ማስቲሽ አይዝም። ከዚያ ጥላ ላይ ይድረቅ። ውጩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል የተከፈተውን ቦታ በሶፍት ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑት፤ ሶፍቱ ከራሰ ለነገ አሳድሩት።

የለቀቀው የት የት እንደሆነ ለማየት ልብሱን ገልብጡት፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልካችሁን መብራት እጅጌው ውስጥ አስገቡና ስፌቱን ወጠር አድርጉት። ብርሃን የሚያሾልክበትን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ብብትና ብሽሽትን ደጋግማችሁ እዩ፣ ልብሱ በጣም የሚወጠረው እዚያ ነው። ጎማውን እጥፍ ስታደርጉት ስንጥቅጥቅ የሚል ከሆነ ግን አርጅቷልና አትድከሙበት።

የሚያስፈልገው ለኒዮፕሪን የተሠራ ማስቲሽ ነው፣ የዳይቪንግ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አይጠፋም። ሱፐር ግሉ በፍጹም! ሲደርቅ ድርቅ ይልና ልብሱ ሲለጠጥ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀው ቅሪት ደግሞ ለሚቀጥለው ጥገና እንቅፋት ይሆናል። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አጠገብ አትሥሩ፣ ልጆችን አርቁ፤ ሽታው ያዞራል።

ጫማ ሰፊ ሲሠራ ቆማችሁ አይታችሁ ከሆነ ዋናውን ነገር ታውቁታላችሁ። ማስቲሹን ሁለቱንም ፊት ይቀባና ጫማውን አስቀምጦ ሌላ ሥራ ይይዛል፣ ባለጫማው ቢቸኩልም አይሰማውም። እዚህም እንደዚያው ነው። የክፍተቱን ሁለቱንም ጠርዝ በክብሪት እንጨት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ጠርዞቹ እንዳይነካኩ መሃላቸው የተጣጠፈ ካርቶን አስገቡ። አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ ሁለተኛውን ስስ ቅብ ድገሙ፣ እንደገና ጠብቁ። በጣታችሁ ጀርባ ነካ ስታደርጉት ክር እየመዘዘ ከተከተላችሁ አልደረሰም። ነክታችሁት ሳይከተላችሁ ሲቀር ጠርዝ ለጠርዝ ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ ግጠሙ፣ አንዴ ከነካ አይላቀቅምና ሳታጣምሙ፣ ከዚያ በደንብ ጭመቁት። ጥገና ሲበላሽ ባየሁ ቁጥር ችግሩ ወይ እርጥበት ወይ ችኮላ ነው፣ የማስቲሹ ዓይነት አይደለም።

ቢያንስ አንድ ቀን ካደረ በኋላ ስፉት። የናይለን ወይም የፖሊስተር ክር ይሁን፣ የጥጥ ክር ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል። መርፌው ኒዮፕሪኑን እስከ ወዲያ መብሳት የለበትም፣ እስከ ግማሽ ውፍረቱ ገብቶ በዚያው ፊት ይውጣ። እስከ ወዲያ ከበሳችሁት እያንዳንዱ ቀዳዳ የውሃ መግቢያ ነው። ክሩንም አታጥብቁት፣ ጎማውን እንደ ሽቦ ይቆርጠዋል። በየግማሽ ሴንቲ ሜትሩ አንድ ስፌት ይበቃል፣ ቋጠሮው ላይ የማስቲሽ ጠብታ ጣል አድርጉ።

አንዳንድ ስስ የበጋ ልብሶች ከፋብሪካም ሲመጡ ክሩ በሁለቱም ፊት ይታያል። እነሱ ድሮም በስፌታቸው ውሃ ያስገባሉ፣ ስለዚህ የተተረተረውን ክር መልሳችሁ ከሰፋችሁ በቂ ነው።

ልብሱን ስትለብሱ የተጠገነውን ቦታ በጥፍር ይዛችሁ አትጎትቱት። ካወለቃችሁ በኋላ በንጹህ ውሃ አለቅልቁትና ወገቡ ላይ አጥፋችሁ ስቀሉት፤ እርጥብ እያለ በትከሻው ከተንጠለጠለ ክብደቱ ያንኑ የብብት ስፌት እንደገና ይከፍተዋል።